ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የምትሄዱ «የቄሣር ዲናር» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ባለፈው ፋሲካ ለመሳለም ሄጄ፣ በአሮጌው ከተማ ካለ አንድ ሱቅ የብር ሳንቲም በ600 ሸቅል ገዛሁ። ሻጩ «ጌታ ይህች መልክ የማን ናት ብሎ የጠየቀባት ዲናር እንዲህ ያለች ናት» ሲለኝ ልቤ ተነካ። ለእናቴ ነበር ያሰብኳት። ሐሰተኛ ሆና ተገኘች።

የጉዞ ጓደኛዬም ከሌላ ሱቅ እንዲሁ ገዝቶ ኖሯል። ማታ ማደሪያችን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ደነገጥን። ሳንቲሟ ላይ ካለው ንጉሥ አንገት ሥር እስከ ጠርዙ የወረደችው ስንጥቅ በሁለቱም ላይ አለች፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት! የሮም ሳንቲም አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታ ነበር። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ሳንቲሞች መልካቸው አንድ ይሆናል፤ ስንጥቃቸውና ጠርዛቸው ግን አይገጥምም። የእኛዎቹ ቀልጠው በቅርጽ የተቀዱ ናቸው። ጠርዟን በጥፍሬ ስዳብስ ዙሪያዋን የመጋጠሚያ መስመር አገኘሁ። አዲስ አበባ ወርቅ ቤት ሳስመዝናት 2.9 ግራም ሆነች፤ የዚያ ዘመን ዲናር 3.8 ግራም ገደማ ነው።

ምስሉን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። እውነተኛው የጢባርዮስ ዲናር (እ.ኤ.አ. ከ14 እስከ 37 የነገሠው የሮም ቄሣር ነው) በአንድ ፊቱ የቅጠል አክሊል የደፋ የንጉሡ ራስ አለበት፤ ዙሪያውን በላቲን «ጢባርዮስ ቄሣር፣ የአምላኩ አውግስጦስ ልጅ» ይላል። በጀርባው በትርና ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ተቀምጣለች፤ ብዙዎች እናቱ ሊቪያ ናት ይላሉ። ይህ ሁሉ የእኔዋም ላይ አለ። ፊደሎቹ ግን እንደ ቀለጠ ሰም የደነበዙ ናቸው፣ ጉንጩም ላይ የአረፋ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ወንጌሉም ቢሆን የትኛው ቄሣር እንደሆነ በስም አይጠራም፤ ስለዚህ «ያችው ናት» የሚላችሁን አትስሙ።

በማግስቱ ልመልስ ብሄድ «የሸጥኩልህ ለመታሰቢያ ነው» አለኝ። የሰጠኝ «የምስክር ወረቀት» ማኅተም እንጂ የሱቅ ስምም ቁጥርም የለውም፤ ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ ያ የእኔ ጥፋት ነው። እስራኤል ውስጥ ቅርስ የሚነግድ ሰው ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ዕቃውን ከአገር ለማውጣትም የባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለቱን ጠይቁ። ካመነታ ውጡ።

ገዝታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ከአንገቱ ሥር ተመልከቱ። ያች ስንጥቅ ካለች ከእኛዎቹ ጋር ከአንድ ቅርጽ የወጣች ናትና ለሌላ ሰው በስጦታም ሆነ በሽያጭ አታሳልፏት።