ቤይ ብሪጅ ሥር አሳ ማጥመድ፦ ካፒቴኑ ጎበዝ፣ ሰዓቱ ግን...

ባለፈው ኦክቶበር አራት ሆነን ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አናፖሊስ አካባቢ ጀልባ ተከራየን። ግማሽ ቀን፣ ከነካፒቴኑ 600 ዶላር። ጉርሻው ለብቻው ነው። የጀልባውን ስም አልጽፍም፤ ቅሬታ አለኝ፣ ሰውዬው ደግሞ በሥራው አይታማም።

ያደንነው ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ነው፤ ጎኑ ላይ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር ያለው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሮክፊሽ ካላላችሁ ማንም አይሰማችሁም። የስቴቱ መለያ አሳ ነው። ቁጥሩ ተመናምኖ ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ጭራሽ ማጥመድ ተከልክሎ ነበር። አሁንም ሕጉ ጥብቅ ነው፤ እኛ በሄድንበት ወቅት ለአንድ ሰው በቀን አንድ አሳ ብቻ፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ። ጀልባው የራሱ ፈቃድ ስላለው እኛ ፈቃድ ማውጣት አላስፈለገንም፤ ይሄ አንድ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ቤይ ብሪጅን ታውቁታላችሁ። ቼሳፒክ ቤይን (ባሕረ ሰላጤውን) ተሻግራችሁ ኦሽን ሲቲ ስትሄዱ መሪውን ጨብጣችሁ፣ ወደ ጎን ሳታዩ የምታልፉት ያ ከ4 ማይል በላይ የሚረዝም ድልድይ። ሁለት ነው፤ አንዱ በ1952፣ ሌላው በ1973 የተከፈተ። ከሥሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። ላያችሁ ላይ የጭነት መኪና ድድድ እያለ ያልፋል፣ ፊታችሁ ዛጎል የወረሰው ኮንክሪት ቆሟል። ውሃው ሲሄድ ምሰሶውን መትቶ ለሁለት ይከፈላል፣ ከጀርባው ረጋ ያለ ቦታ ይቀራል። ሮክፊሹ ጉልበቱን ሳይጨርስ እዚያ ተደብቆ ውሃው የሚያመጣለትን ትንንሽ አሳ ይጠብቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁሉ የቆመው ውሃው በመንቀሳቀሱ ላይ ነው። እኛ በአበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ውሃው እንደ ገንዳ ውሃ ቀጥ ብሏል። ሞልቶ ጨርሷል፣ መጉደል አልጀመረም። ከአንድ ሰዓት በላይ ወረወርን፣ ሳብን፣ ቡና ጠጣን። ምንም። ውሃው መቼ እንደሚሞላና እንደሚጎድል አስቀድሞ በሰንጠረዥ ይወጣል እኮ፣ ስልካችሁ ላይ ሳይቀር አለ። ካፒቴኑን ስጠይቀው «የጠዋት ቀጠሯችን ሁሌም በዚህ ሰዓት ነው» አለኝ። ቅሬታዬ ይሄ ነው። በ600 ዶላር የቆመ ውሃ አይሸጥም።

ውሃው መሄድ ሲጀምር ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። መልሕቅ ሳይጥል፣ ሞተሩን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እያደረገ፣ ጀልባዋን ከምሰሶው ሁለት መኪና በሚያቆም ርቀት ላይ ይዞ ቆየ። «ከምሰሶው በላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት በኩል ወርውሩና ራሱ ያውርደው» አለን። ጂጉ (ክብደት ያለው መንጠቆ ነው) ኮንክሪቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ጠቅ የሚል ነገር ትሰማላችሁ። ያኔ ማሰብ የለም፣ መሳብ ነው፤ አሳው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ምሰሶው ነውና።

አጎቴ ይሄን አልተቀበለም። ሐዋሳ ላይ በእጅ ክር ቆሮሶ ሲያወጣ ያደገ ሰው ነው፣ «ተወኝ፣ ይድከም» ብሎ ለቀቀለት። ካፒቴኑ «ሳብ! ሳብ!» እያለ ይጮሃል። ክሩ ጧ አለ። አጎቴ የተረፈውን ጫፍ በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገውና ለእኔ ሰጠኝ፤ ዛጎሉ እንደ ጥጥ አበጥሮታል።

ቀጥሎ የያዘው 26 ኢንች ሆነና መልሱ ተባለ። «ትልቅ ስለሆነ ልልቀቀው? አንተ ልጅ፣ በደንብ ጠይቀው እስቲ!» ትልልቆቹ ለዘር ነው የሚተዉት ብዬ ባስረዳውም እስከ ቤት አኩርፎ ነው የሄደው። በመጨረሻ አራታችን ሦስት ይዘን ተመለስን።

ዘንጎቹ ጥሩ ናቸው፣ የአንዱ ሪል (የክሩ መጠቅለያ) ፍሬን ግን ይንሸራተታል። ሽንት ቤት የለም፤ ሴቶች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ካፒቴኑ አሳውን ወደቡ ላይ በነጻ ይገፍፋል፣ ቆዳው ሥር ያለችውን ቀይ ሥጋም ያወጣላችኋል። እሷ ነች ክፉ ሽታ የምታመጣው። ቤት ወስደን ግማሹን ዱለት፣ ግማሹን በአዋዜ ጠበስነው። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ስለሆነ ለዱለት ከቲላፒያ ይሻላል፤ በዚህ ቤታችን ውስጥ ክርክር የለም።

ደግሜ እሄዳለሁ? አዎ፣ ከዚያው ሰውዬ ጋር። ግን ስትደውሉ ከዋጋው በፊት «የዚያን ቀን ውሃው ስንት ሰዓት ላይ ነው መሄድ የሚጀምረው?» በሉት። እኛ ለጸደይ የከሰዓቱን ይዘናል። አጎቴ የራሱን ክር ይዞ እንደሚመጣ ከአሁኑ አስጠንቅቆኛል።