ድሬ ላይ ለጉልበት መርፌ ክሊኒክ ለምትፈልጉ (ከዚራ ያለው የአጥንት ክሊኒክ)

እናቴን ለጉልበቷ የምወስዳት ከዚራ ያለች አነስተኛ የአጥንት ክሊኒክ ናት፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልጻፈው። ሐኪሙ በጣም ጎበዝ ናቸው፣ ጎበዝ ያልኩት ቶሎ ስለሚወጉ ሳይሆን ከመውጋታቸው በፊት ስለሚጠይቁት ነው።

ገና እንደገባን ራጁን እንኳን ሳያዩ «እማማ ስኳር አለብዎት? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ትኩሳት ወይ ቁስል አለ? መጨረሻ የተወጉት መቼ ነው?» አሏት። እናቴ ስኳር አለባት፣ የሚወጉት መድኃኒት ስቴሮይድ (እብጠትና ህመም የሚያበርድ) ደግሞ ጉልበት ውስጥ ቢወጋም ከፊሉ ወደ ደም ስለሚገባ ለተወሰኑ ቀናት ስኳር ከፍ ያደርጋል። እውነትም በማግስቱ 260 ገባ፣ ነግረውን ስለነበር ሳንደነግጥ ጠዋት ማታ እየለካን ሳምንቱ ሳያልቅ ወረደ። በፊት ሌላ ቦታ ስትወጋ ስለ ስኳሯ የጠየቃት የለም፣ ምን እንደተወጋችም አልተጻፈላትም፤ እዚህ ግን «ትሪያምሲኖሎን 40 ሚሊግራም፣ ቀኝ ጉልበት» ብለው (ትሪያምሲኖሎን የስቴሮይዱ ስም ነው) ከነቀኑ ጽፈው ሰጡን።

የመጀመሪያው ሌሊት ህመሙ ብሶባት ነበር፣ በረዶ ያዙበት ስላሉን ያዝንበት ለቀቃት። ከዛ በኋላ ቀፊራ ብቻዋን ሄዳ አስቤዛ ይዛ ትመጣ ጀመር፣ ደስ ሲል!

ሁለት ወር ሳይሞላ ህመሙ ሲመለስ ድገሙኝ አለች፣ እሳቸው እምቢ አሉ። ቢያንስ 3 ወር መቆየት አለበት፣ ደጋግሞ መውጋት ልም አጥንቱን (መገጣጠሚያው ላይ አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚሸፍነውን ለስላሳ ነገር) ያሳሳዋል አሉን። በ2017 (በፈረንጆቹ) የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 140 ሰዎች ለ2 ዓመት በየ3 ወሩ ግማሹ ይሄንኑ መድኃኒት ግማሹ የጨው ውሃ ተወግተው በመጨረሻ ህመማቸው ላይ ልዩነት አልተገኘም፣ ስቴሮይድ የተወጉት ግን ልም አጥንታቸው ይበልጥ ሳስቶ ነበር። ስለዚህ መርፌው ለጊዜው ህመሙን አብርዶ የታፋ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት እንድትሰራ ነው። ተራ ስንጠብቅ ያገኘነው ኳስ ተጫዋች ልጅም የተረከዙ ጅማት ላይ ውጉኝ ብሎ እንደከለከሉት ነግሮናል፣ እዛ ላይ ከተወጋ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል።

የማይመቸው ነገር ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እንዴት ደረጃ ይደረጋል? እባካችሁ ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራዩ። ፊዚዮቴራፒም እዛው የለም።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፣ ለወገብና ለጉልበት እያሉ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን ዴክሳና ፕሬድኒሶሎን (እነሱም ስቴሮይድ ናቸው) ለእናት አባቶቻችሁ አትግዙ። ለጊዜው ያስነሳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ የዳሌ አጥንት ጫፍ ደም አጥቶ እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል። ለረጅም ጊዜ ስትወስዱ የነበራችሁም በድንገት አታቁሙት፣ ሰውነት የራሱን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ ማምረት ስለሚቀንስ አደጋ አለው፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ስትሄዱ የድሮ ራጅና የስኳር ልኬታችሁን ይዛችሁ በጠዋት ግቡ። ከተወጋችሁ በኋላ ጉልበቱ ቀልቶ ካበጠ ወይ ትኩሳት ከመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ተመለሱ፣ እስከ ነገ አትጠብቁ።