አያንጠባጥብም የተባለው ክዳን

የጽዳት ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ሳሙና፣ የወለል ማጽጃና በረኪና ስገለብጥ ነው የምውለው። ስለዚህ «አያንጠባጥብም» የሚል ጽሑፍ የያዘ ክዳን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህኛውን ሁለት ገዝቼ ሥራ ላይ አውያለሁ።

ዕቃው የጀሪካኑን ክዳን ፈትታችሁ በምትኩ የምትገጥሙት የማፍሰሻ ክዳን ነው። ያው አንድ ቅርጽ በብዙ ስም ስለሚሸጥ ስሙን ብጠራው ብዙም አይረዳችሁም። መልኩን ልንገራችሁ። መሃሉ ላይ ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ አጭር አፍንጫ አለ። አፍንጫውን የከበበ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ጀርባ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ። ወደ ጀሪካኑ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦም አለው። ከላይ የሚደፋው ክዳን ራሱ መስፈሪያ ኩባያ ነው።

ከቱቦው ልጀምር፤ የሥራው ግማሽ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሙሉ ጀሪካን ሲገለበጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፈሳሹ ሲወጣ ውስጥ የቀረው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። የውጭው አየር ልግባ ይላል። በሩ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፈሳሽ ይወጣል፣ አንድ አረፋ አየር ይገባል፣ ደግሞ ፈሳሽ ይወጣል። ጠርሙሱን ስቶ እጅ ላይ የሚረጨው በዚህ መቆራረጥ ነው። መፍትሔው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመን ውስጥ የተነደፈው ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን አፉ ውስጥ የአየር መተንፈሻ ቱቦ ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች በስስ የቆርቆሮ ጣሳቸው ነዳጅ እያፈሰሱ ተቸግረው ነበርና የማረኩትን የጀርመን ጀሪካን እንደ ዓይናቸው ይጠብቁት ነበር፤ በኋላም ራሳቸው አስመስለው ሠሩት። የዛሬው ተራ የፕላስቲክ ጀሪካን ግን ብዙ ጊዜ ክዳንና ቀዳዳ ብቻ ነው።

በዚህ ክዳን ፈሳሹ በአፍንጫው ይወጣል፣ አየሩ በቱቦው ይገባል። የወለል ማጽጃው ኩልል ብሎ ነው የሚወርደው። ድምፅ የለ፣ መርጨት የለ።

ቱቦው የሚሠራው ግን ከላይ በኩል ሲሆን ነው። ጀሪካኑ ሲዘነብል ቱቦው ከታች ከዋለ እሱም በፈሳሽ ይሞላል፤ ያኔ እንደሌለ ቁጠሩት። ርካሾቹ ክዳኖች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አጥብቃችሁ ስታስሯቸው አፍንጫው የት እንደሚቆም የሚወስነው የክዳኑ ጥርስ ነው። አንዳንዴ ወደ ጎን፣ አንዳንዴ ጭራሽ ወደ እጀታው ዞሮ ይቆማል። በዚህኛው አፍንጫውና ቱቦው ለብቻቸው የተሠሩ ናቸው። ውጭውን ክዳን ካጠበቃችሁ በኋላ መሃሉን በጣት አዙራችሁ ቱቦውን ወደ ላይ ታመጡታላችሁ። ከዕቃው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ይህን ያሰበ ሰው ከባድ ጀሪካን አቅፎ የቆመ ሰው መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ ምንም ክዳን ሳትገዙ ግማሹን ችግር ማቃለል ይቻላል። አፉ ወደ አንድ ጎን የተጠጋ ዕቃ ስትገለብጡ አፉን ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል አድርጋችሁ ያዙት። ፈሳሹ አፉን ሙሉ በሙሉ ስለማይደፍነው አየር በላዩ ሾልኮ ይገባል። የሞተር ዘይት ጀሪካን ላይ ሞክሩት። ለዓይን የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ይሠራል።

አሁን ወደ ማቆሙ እንምጣ፤ ክዳን የሚፈተነው እዚያ ነው። ሲያፈስ ሁሉም ጎበዝ ነው። ጀሪካኑን ቀና ስታደርጉት ግን የመጨረሻው ቀጭን ክር መውደቁን ትቶ የአፍንጫውን ሆድ ተከትሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሻይ በራድ ላይ ሁላችሁም አይታችሁታል። ብዙ ሰው «ስለሚጣበቅ ነው» ይላል። ጆሴፍ ኬለር የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ሌላ ነገር አሳየ። ፈሳሹ ጠርዙ ላይ ሲታጠፍ ግፊቱ ከውጭው አየር ያንሳል፤ አየሩ ነው ገፍቶ አፍንጫው ላይ የሚለጥፈው። ኬለር የበራድ አፍን በማጥናቱ ቀልድ የሚመስለውን የኢግ ኖቤል ሽልማት (የ1999 እ.ኤ.አ.ውን) ተጋርቷል። እኔ ብሆን የዋናውን እሰጠው ነበር።

ቀስ ብላችሁ ስታፈሱ ይብሳል። ጠርዙ ወፍራምና ድቡልቡል ከሆነም ይብሳል። ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ የውሃን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ተሰብስቦ የመቆም ጠባዩን፣ ስለሚቀንስ ፕላስቲክ ላይ ከውሃ በበለጠ ተዘርግቶ ይይዛል። ለዚህ ነው ብዙ የሳሙና ጀሪካን ሆዱ የሚያሟልጨው፣ ጽሑፉም የሚፋቀው። ጥሩ አፍንጫ ስለታም ጠርዝና ጠብታዋን የሚያግድ አንድ መሰናክል ያስፈልገዋል። የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ2017 በወይን ጠርሙስ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ 2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስመር በአንገቱ ዙሪያ ቆረጠ። ጠብታዋ ያንን መሻገር አቅቷት በቀጥታ ትወድቃለች።

የእኔው ክዳን ጠርዙ ስስ ነው፤ ትንሽ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ከሥሩም ደረጃ ነገር አለው። ከገዛኋቸው አንዱ በወለል ማጽጃ ጠብ አላለም። ሁለተኛው ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያንጠባጥብ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የተረፈች ትንሽ ምላስ ጠርዙ ላይ ቀርታለች። በምላጭ አነሳኋትና ተስተካከለ። የእናንተም ካንጠባጠበ መጀመሪያ ጠርዙን በጥፍር ዳብሱት። ግን እውነት ለመናገር ይህ የገዢ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

አምልጣ የምትወርድ ጠብታ ብትኖር እንኳ ቦዩ ይቀበላታል፤ በጀርባው ቀዳዳ ተመልሳ ጀሪካኑ ውስጥ ትገባለች። ኩባያውም እንዲሁ ነው። ስትደፉት ጠርዙ ከቦዩ ውስጥ ስለሚያርፍ ውስጡ የቀረው ሳሙና ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጀሪካኑ ይወርዳል። አሪፍ አሠራር ነው። ኩባያውን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ካለቀለቃችሁት ግን አድርቃችሁ መልሱት፤ አለበለዚያ ውሃው ሳሙናው ውስጥ ይገባል።

ወፍራም ሳሙና ላይ ነገሩ ይቀየራል። የቦዩ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ናት። ወፍራሙ ሳሙና እስኪወርድ ድረስ መጠበቅ አለባችሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትዕግሥት የላትም፤ ወዲያው ኩባያውን ትደፋዋለች። ያኔ ቦዩ ውስጥ የተኛው ሳሙና በጥርሱ በኩል ተጨምቆ ይወጣል። እሷ ላይ አልፈርድም። ቀዳዳዋ በእጥፍ ብትሰፋ ምን ይጎዳል? ለወፍራም ነገር የተሻለው ዘዴ አሜሪካዊው ፖል ብራውን እ.ኤ.አ. በ1991 የፈለሰፈው በመስቀል የተሰነጠቀ የሲሊኮን ቫልቭ ነው፤ በአፉ ተደፍቶ በሚቆመው የካቻፕ ጠርሙስ ላይ ያለው ማለት ነው። ስትጨምቁት ይከፈታል፣ ስትለቁት የመጨረሻዋን ጠብታ ወደ ውስጥ ስቦ ይዘጋል። ችግሩ ግን ዕቃው የሚጨመቅ መሆን አለበት። 20 ሊትር ጀሪካን ማን ይጨምቃል?

በረኪና ላይ ገጥማችሁ አታስቀምጡት። ለመገልበጥ ጥሩ ነው፤ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። በረኪና ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ኦክስጅን ይለቃል። ለዚህ ነው አንዳንድ የበረኪና ጀሪካን አየር ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን የሚሠራለት። የዚህኛው ኩባያ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፤ ጀሪካኑ ሙቀት ካገኘ ሆዱ ይነፋል። ስትከፍቱት ወደ ፊታችሁ ቢረጭ በረኪና ነው፣ ቀልድ አይደለም። ማሸጊያው ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አልተጻፈም። ይህ ቀሽም ነው።

ነዳጅም ይቅር። ለነዳጅ ለብቻው የተሠራ፣ ስትለቁት በስፕሪንግ ራሱ የሚዘጋ ዓይነት አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አዳዲስ የቤንዚን ጀሪካኖች ትነት ለመቀነስ ሲባል ራሱን የሚዘጋ አፍ እንዲኖራቸው ታዟል። ብዙ ተጠቃሚ ሲያማርርበት ይሰማል፤ አንድ እጅ ጀሪካኑን ይዞ፣ ሌላው ስፕሪንጉን ሲታገል ነዳጁ መሬት ይጠጣዋል። የእኛው ክዳን ስፕሪንግ የለውም፤ ለሳሙና እሰየው ነው። ለቤንዚን ግን አልተሠራም።

ክዳኑ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ከጊዜ በኋላ ጠፍጠፍ ይላል። ያኔ ፈሳሹ በአፍንጫው ሳይሆን በክዳኑ ዙሪያ መሾለክ ይጀምራል። መለዋወጫ አብሮ አልመጣም፤ ሻጩን ስጠይቅ ለብቻው አይሸጥም አለኝ። ሙሉ ክዳን ለመሸጥ ካልሆነ በቀር ለዚህ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ለቀጫጭን ፈሳሾች ሁለት ተጨማሪ አዝዣለሁ። እናንተም ከማዘዛችሁ በፊት የጀሪካናችሁን አፍ ለኩ። ክዳኑን አውጡና ማስመሪያውን ከአንዱ ጥርስ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ማዶው አድርጉት። 38፣ 51 እና 61 ሚሊሜትር ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው ልኮች ናቸው። ከክዳኑ ጋር የሚመጣው ማገናኛ ለ51 እና ለ61 ብቻ ነው፤ የ38ቱን ለብቻው ጠይቁ።