ቀለም ገዢዎች፣ «ቀይ ቀለም» ብቻ የሚል ደረሰኝ አትቀበሉ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች በአንዱ የገዛሁት የሳሎን ቀለም ከመረጥኩት የተለየ መሆኑን ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነውና፣ ንዴቴ ሳይበርድ ይህን እጽፋለሁ። በካታሎጉ ላይ ሁለት ቀዮች ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ሌላው ወደ ጡብ። በመደብሩ ነጭ መብራት ሥር ለመለየት ያስቸግራሉ፤ በዋጋ ግን ይራራቃሉ፤ ምክንያቱም የጡቡ ዓይነት ቀይ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ከሆነው ከብረት ኦክሳይድ ይገኛል። እኔ የከፈልኩት የውዱን ነው።

ልጁ ቀለሙን በማሽኑ አዋህዶ ክዳኑን ሲከፍት፣ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ልየው ብዬ ጠየቅኩት። «ፀሐይ ቀለም ያሳስታል፣ የቤት ቀለም በመብራት ነው የሚታየው» አለኝና ጣቱን ነክሮ ከካታሎጉ አጠገብ ቀብቶ አሳየኝ። ትንሽ ፈካ ያለ መሰለኝ ስለው፣ እርጥብ ስለሆነ ነው፣ ሲደርቅ ይጠቁራል አለ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ በመጠኑ መጥቆሩ እውነት ነው፤ ውሸቱን የጠቀለለውም በዚህ እውነት ነበር።

ቀለሙ ደርቆ የጠዋት ብርሃን በመስኮት ሲገባ ግድግዳው ጡብ ሆኖ ታየ። ቆርቆሮውን ገልብጬ ሥሩ የተለጠፈውን ኮድ ከካታሎጉ ጋር ሳመሳክር የርካሹ ቀለም ኮድ ነው። ይዤው ስመለስ ባለቤቱ ቆርቆሮውን ለማየት እንኳ አልፈለገም። ደረሰኜን ተቀብሎ፣ ባንኮኒው ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «ቀይ ቀለም፣ 4 ጋሎን። ታዲያ እናቴ፣ አረንጓዴ ነው የሰጠንዎት?» ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ያ በጣቱ ቀብቶ ያሳየኝ ልጅም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያም የተዋሃደ ቀለም አይመለስም የሚለውን የግድግዳ ማስታወቂያ በአገጩ አሳይቶኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ማስታወቂያውን አልቃወምም፤ ለአንድ ሰው የተዋሃደን ቀለም ለሌላ መሸጥ እንደሚያስቸግር ይገባኛል። ያላዘዝኩትን ያዋሃዱት ግን እነርሱ ናቸው።

የቀለሙ ኮድ ደረሰኙ ላይ ሳይጻፍ ገንዘብ አትክፈሉ። ደግሞም ሁሉንም ጋሎን ከመክፈታችሁ በፊት ካርቶን ላይ ቀብታችሁ፣ ከደረቀ በኋላ ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በራሳችሁ አምፖል እዩት።