ክብደታችሁ ከ90 ኪሎ በላይ ሆኖ ያገለገለ የካይት ቦርዲንግ ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ተጠንቀቁ

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ካይት ቦርዲንግ (ነፋስ በሚያበርረው ትልቅ የጨርቅ ካይት እየተጎተቱ ቦርድ ላይ ቆሞ ውኃ ላይ መንሸራተት) ለመጀመር አስቤ ያገለገለ ሙሉ ዕቃ ከአንድ ግለሰብ በ58,000 ብር ገዝቼ ነበርና፣ የእኔ ዓይነት ሰውነት ያላችሁ ሰዎች ገንዘባችሁን በተመሳሳይ መንገድ እንዳታጡ የሆነውን እጽፋለሁ። ክብደቴ 108 ኪሎ እንደሆነ ለሻጩ ገና በመጀመሪያው ስልክ ነግሬዋለሁ። እርሱ ግን 9 ካሬ ሜትር ካይትና 134 ሴንቲ ሜትር ቦርድ አስረከበኝ፤ «ለጀማሪ ትንሽ ይሻላል፣ ትልቁ ይዞህ ይሄዳል» የሚል ምክርም መረቀልኝ።

ምክሩ የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የብስ ላይ ቆሞ ካይት ማብረርን ለመለማመድ ትንሹ ይመረጣል፤ ከውኃ ተነሥቶ ቦርድ ላይ ለመቆም ግን የሚጎትተው ኃይል ከሰውየው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ካሬ ሜትር በሚበቃው መጠነኛ ነፋስ፣ እኔን መሰሉ ወደ 17 ካሬ ሜትር፣ ቦርዱም ከ150 ሴንቲ ሜትር የማያንስና ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ሐይቃችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተሠራው የመጠን ሠንጠረዥ እንኳ ለእኛ አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ከሁሉ የከፋው፣ ትንሽ ካይት የያዘ ከባድ ሰው ኃይለኛ ነፋስ ለመጠበቅ ይገደዳል፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለደኅንነት ተብሎ የተገዛው ትንሽ ካይት ጀማሪውን ወደ አደጋው ይወስደዋል።

ዕቃውም ጤነኛ አልነበረም። አሞራ ገደል አጠገብ ሣር ላይ ዘርግቼ በፓምፕ ብነፋው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አየር ተሞልቶ የካይቱን ቅርጽ የሚይዘው የፊተኛው ቱቦ እንደ በሰለ ሙዝ ለሰለሰ። ስደውል «ጎሚስታ ይለጥፍልሃል» አለኝ! አራቱን ገመዶች ዛፍ ላይ አስሬ ስስባቸው አንዱ በአራት ጣት አጠረ፤ እንዲህ ያለ ካይት ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ያስቸግራል። ይህን ሁሉ ልተወው እችል ነበር፤ በአደጋ ጊዜ ካይቱን ኃይል የሚያሳጣው ቀይ የመልቀቂያ እጀታ ዝጎ ተጣብቆ በሁለት እጄ ስገፋው አለመላቀቁን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካይቱን አስነፍታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አቆዩት፤ ገመዶቹን አስተያዩ፤ እጀታውንም ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ሞክሩት። ሻጩ «አይተህ ገዝተሃል» ብሎ ብሬን አልመለሰም፤ አሁንም ሌላ 9 ካሬ ሜትር ካይት «ለማንኛውም ክብደት» በሚል ማስታወቂያ እየሸጠ ነው።