ለሲቪ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋል ወይ? የማዘጋጃ አማራጮች ጎን ለጎን

ሲቪ ለማዘጋጀት ከመክፈልዎ በፊት ሰነዱን ማን እንደሚያነበው ይወቁ። በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ የመጀመሪያው አንባቢ ብዙ ጊዜ ኤቲኤስ የሚባለው የአመልካቾችን መረጃ የሚያደራጅ ሶፍትዌር ነው። ከፋይሉ ውስጥ ጽሑፉን እያወጣ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ዓመት፣ ትምህርት ብሎ ይመድባል። ቀጥሎ የሚያየው ሥራ የበዛበት የሰው ኃይል ባለሙያ ነው። ላደርስ የተባለ የአሜሪካ የሥራ ፍለጋ ድርጅት በዓይን እንቅስቃሴ መከታተያ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ውጤት፣ ባለሙያዎቹ በመጀመሪያው እይታ ለአንድ ሲቪ የሰጡት ጊዜ በአማካይ 7.4 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ የምመዝነው በእነዚህ ሁለት አንባቢዎች ዓይን ነው።

ዎርድ፣ ጉግል ዶክስ፣ ሊብሬ ኦፊስ

ለአብዛኛው ሥራ ፈላጊ የምመርጠው ይህንን ነው። ጉግል ዶክስና ሊብሬ ኦፊስ በነጻ ይገኛሉ። በአንድ ዓምድ፣ ከ10 እስከ 12 በሚሆን የፊደል መጠን፣ ግልጽ በሆኑ ርዕሶች የተጻፈ ሰነድ ሶፍትዌሩንም ሰውንም አያስቸግርም። ከሁሉም በላይ ለእያንዳንዱ የሥራ ማስታወቂያ ቅጂውን በደቂቃዎች ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ጥንቃቄ የሚሻው ስልክና ኢሜይል የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ አንዳንድ ሶፍትዌሮች በገጹ ራስጌና ግርጌ የተጻፈውን ስለሚዘሉት አድራሻዎን በዋናው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያስፍሩት። ማስታወቂያው የዎርድ ፋይል ካልጠየቀ በስተቀር በፒዲኤፍ ይላኩ፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት አይዛባም።

እንደ ካንቫ ባሉ ድረ ገጾች የሚገኙ የንድፍ ቅጾች

ውበታቸው አያጠያይቅም፤ ብዙዎቹም በነጻ ይገኛሉ። ችግሩ ያለው ከውበቱ ሥር ነው። ገጹ በሁለት ዓምድ ሲከፈል አንዳንድ ሶፍትዌሮች መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጠው ያነቡና የሥራ ልምድዎን ከቋንቋ ችሎታዎ ጋር ያደበላልቁታል። «ስልክ» በሚለው ቃል ፋንታ የተቀመጠ የስልክ ምልክት ለሶፍትዌሩ ምንም አይነግረውም። ችሎታን በግማሽ በተቀባ አሞሌ (ባር) ማሳየትማ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል። «ኤክሴል 80 በመቶ» ማለት ከምን 80 በመቶ ነው? «በኤክሴል ወርሃዊ የበጀት ሪፖርት አዘጋጃለሁ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም አሞሌ ይበልጣል። ሥራዎ ንድፍ ከሆነና ሲቪውን በቀጥታ ለሰው የሚሰጡ ከሆነ ግን ካንቫ ተገቢ ምርጫ ነው።

የሚከፈልባቸው ሲቪ መሥሪያ ድረ ገጾች

ቅጹን ይሞላሉ፣ ገጹ ሰነዱን ያዘጋጅልዎታል። ለቸኮለ ሰው ያመቻል። ይሁንና ብዙዎቹ ክፍያ የሚጠይቁት ሁሉንም ሞልተው ፋይሉን ሊያወርዱ ሲሉ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ በትንሽ ዋጋ ያስጀምሩና ካልሰረዙት በየጊዜው ከካርድዎ መቁረጣቸውን ይቀጥላሉ። የካርድ ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት አሰራረዙን ያንብቡ፤ በዎርድ ማውረድ እንደሚቻልም ያረጋግጡ። ፒዲኤፍ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንድ መስመር ለማረም እንኳ ተመልሰው ለመክፈል ሊገደዱ ይችላሉ። «ታታሪና በቡድን መሥራት የሚችል» የመሳሰሉትን ተዘጋጅተው የሚቀርቡ ሐረጎች አይውሰዱ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሌላውም አመልካች ወስዶታል።

ዩሮፓስ

የአውሮፓ ኅብረት በነጻ ያቀረበው የሲቪ ማዘጋጃ አገልግሎት ነው። ከ20 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይሠራል፤ የቋንቋ ችሎታንም ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛ) ባለው የአውሮፓ መለኪያ ያስመዘግባል። ለአውሮፓ ተቋማትና የትምህርት ዕድሎች ለሚያመለክት ሰው ይጠቅማል። ክፍሎቹ ብዙ ስለሆኑ ግን ሁሉንም ልሙላ ያለ ሰው ገጹ ይረዝምበታል። የማይፈልጉትን ክፍል ይሰርዙ።

ለባለሙያ ከፍሎ ማስጻፍ

ከሁሉም ውዱ ይህ ነው፤ ገንዘቡ በትክክል ዋጋ ሊያገኝበት የሚችለውም ይህ ብቻ ይመስለኛል። የሚከፍሉት ለጥያቄዎቹ እንጂ ለአጻጻፉ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ «የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ» ሲሉት አያልፍዎትም፤ ስንት ሰው ይመሩ ነበር፣ እርስዎ ከመጡ በኋላ ምን ተሻሻለ፣ በምን ይለካል እያለ ይጠይቃል። በመጨረሻ «ስምንት ሠራተኞችን እየመራሁ ለቅሬታ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከሁለት ቀን ወደ አንድ ቀን አሳጥሬአለሁ» የሚል መስመር ያወጣል። ሙያ ለሚቀይር፣ ከሥራ ለረጅም ጊዜ ለራቀ ወይም ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ለሚያመለክት ሰው ይህ እገዛ ትልቅ ነው። ሳያነጋግርዎት፣ የሚያመለክቱበትን ማስታወቂያ ሳያይ ዋጋ የሚነግርዎትን ግን ይለፉት። «ኤቲኤስን በእርግጠኝነት ያልፋል» የሚልዎትንም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ቀጣሪ ሶፍትዌሩን በራሱ መንገድ ስለሚያዘጋጅ ማንም ይህንን ማረጋገጥ አይችልም።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የተንዛዛ ጽሑፍ ለማሳጠር ይረዳሉ። ያልሠሩትን ሥራ ጨምረው ሊጽፉ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ቃል ይፈትሹ፤ በቃለ መጠይቅ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ገና ተመርቀው ከሆነ ወይም የሥራ ልምድዎ ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ፣ በጉግል ዶክስ አንድ ገጽ ይበቃዎታል፤ ከዚያ በላይ ልምድ ላለው ሁለት ገጽ። የሕትመቶቻቸውን ዝርዝር ማቅረብ ያለባቸው ተመራማሪዎች ይህ ልክ አይመለከታቸውም። በየትኛውም መንገድ ያዘጋጁት፣ ከመላክዎ በፊት ፒዲኤፉን ከፍተው ጽሑፉን በሙሉ ይቅዱና እንደ ኖትፓድ ባለ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይለጥፉት። የሥራ መደቡ፣ የድርጅቱ ስምና ዓመቱ በቅደም ተከተላቸው ከወጡ ይላኩት። ከተደበላለቁ የተጠቀሙበትን ቅጽ ይቀይሩ።