ለቡድናችን የገዛነው ዝግጁ ጋምቤሰን ከአንድ የትርዒት ወቅት በኋላ

የመካከለኛውን ዘመን አኗኗር በልብስ፣ በጦር መሣሪያና በሰፈር ሕይወት መልሶ ወደሚያሳይ ቡድን አዲስ አባል ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሰይፍ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊኖረው የሚገባው ግን ጋምቤሰን ነው። ጋምቤሰን ማለት ብዙ የተልባ እግር ጨርቅ ተደራርቦ፣ ወይም በሁለት ጨርቆች መካከል ጥጥ ወይም ሱፍ ተጠቅጥቆ፣ ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር እየተሰፋ የሚሠራ ወፍራም የጦር ልብስ ሲሆን፣ ባለጸጋው ከሰንሰለት ጥሩሩ ሥር፣ ተራው እግረኛ ደግሞ ብቻውን ይለብሰው ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1181 ባወጣው የመሣሪያ ድንጋጌ የከተማ ነዋሪዎችና ነጻ ሰዎች ሁሉ ይህን ልብስ፣ የብረት ቆብና ጦር እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። እኛም የምናሳየው የዚያን ዘመን ተራ እግረኛ ስለሆነ፣ እኔን ጨምሮ ለስድስት አባላት የሚሆን ዝግጁ ጋምቤሰን በበይነ መረብ ከሚሸጥ አንድ ድርጅት አዘዝን።

ዕቃው በተባለው ቀን ደረሰ፤ መጠኑም ከላክነው ልኬት ጋር ይገጥማል። የላይኛው ጨርቅ እውነተኛ የተልባ እግር ነው፤ ስፌቱም በአንድ ወቅት ሙሉ ድብድብ አንድ ቦታ እንኳ አልተተረተረም።

ችግሩ ያለው ከውስጥ ነው። የሻጩ ገለጻ ሙሌቱ ጥጥ እንደሆነ ይናገራል፤ ይሁን እንጂ በሁለተኛው የሰልፍ ቀን ላብ በጀርባዬ እየወረደ ልብሱ ምንም እንደማይመጠው ሳስተውል ተጠራጠርሁ። ወደ ድንኳን ተመልሼ የታችኛውን ጠርዝ ጥቂት ተረተርሁና አውራ ጣት የሚያህል ሙሌት አውጥቼ፣ በመቆንጠጫ ይዤ ወደ ሻማ አስጠጋሁት። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ተቀጣጥሎ፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ፣ በጣት ሲነኩት የሚበን አመድ ይተው ነበር። ይህኛው ግን ከነበልባሉ እየሸሸ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ጥቁር ዶቃ ጠጥሮ ቀረ። ፖሊስተር ነው።

ነገሩን ለዘመኑ ታማኝ ስለመሆን ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። ቡድናችን ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት እሳት ላይ ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ ሱፍ ላይ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ጠቁሮ ይጠፋል፣ የቀለጠ ፖሊስተር ግን ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በዚያ ላይ ሙሌቱ ለስላሳና አየር የበዛበት በመሆኑ በእጅ ሲዳስሱት ወፍራም ይመስላል እንጂ ዱልዱም ሰይፍ ሲያርፍበት ይጨፈለቃል። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 11ኛ ትእዛዝ እግረኞች የሚለብሱት የጨርቅ ጥሩር ከ25 እስከ 30 ድርብ ጨርቅና የአጋዘን ቆዳ እንዲኖረው የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ምት የሚያበርደው የተጠቀጠቀ ድርብ ነው። የግራ ትከሻዬ ለሦስት ሳምንት የጠቆረውም በዚሁ ልብስ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የእጅጌው አቆራረጥ ነው። እጅጌው እንደ ዛሬ ካፖርት ከብብት በጣም ዝቅ ብሎ ስለተገጠመ፣ ጦር ከራስ በላይ ለማንሣት ክንድ ከፍ ባለ ቁጥር ልብሱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፤ ቀበቶው ይላላል፣ አንገትጌውም አገጭን ይገፋል። የዚያ ዘመን ልብስ ሰፊዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1364 በኦሬ ጦርነት የሞተው የሻርል ደ ብሏ ነው የሚባለውና በሊዮን የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም የሚገኘው ጥብቅ ልብስ፣ እጅጌው እስከ ደረትና እስከ ጀርባ በሰፊ ክብ ዘልቆ የተገጠመ በመሆኑ ክንድ ሲነሣ ወገቡ ከቦታው አይነቃነቅም። ልብሱ እኛ ከምናሳየው ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ስለሚዘገይ አቆራረጡን እንዳለ መቅዳት አይገባንም፤ ብብት ሥር የሚገባ ባለ አራት ማዕዘን ጣልቃ ጨርቅ ግን በዘመናችን ሳይሆን በዚያው ዘመን የተለመደ ብልሃት ነው፤ ለሻጩም ብዙ ወጪ አያስከትልበትም ነበር።

ለድርጅቱ ስንጽፍ ስለ ሙሌቱ ስሕተቱን አምኖ ከገንዘቡ ከፊሉን መለሰልን፤ የሽያጭ ገለጻውን ግን እስካሁን አላረመውም። ለሌሎች ገዢዎች ያለኝ ቅሬታ ይህ ነው፤ አዲስ አባል «ጥጥ» የሚለውን አምኖ እሳት አጠገብ ይቀመጣልና።

ስድስቱንም ልብሶች ሳንጥል፣ ሁለት ቅዳሜ አብረን ተቀምጠን ገበራቸውን ከፈትን፤ ሙሌቱን አውጥተን በምትኩ ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስና የተልባ እግር አንሶላ ደራርበን በእጅ ሰፋን። ብብቱ ሥር አንድ መዳፍ የሚያህል ጣልቃ ጨርቅ አስገባን። ክብደቱ ጨምሯል፤ ላቡን ግን ይመጥጣል፣ ጦሬን ሳነሣም ጠርዙ ከጉልበቴ ላይ አይነሣም። መርፌ ለመያዝ ፈቃደኛ የሆነ ቡድን ይህን ልብስ እንደ ጥሩ ቅርፊት ቆጥሮ ሊገዛው ይችላል፤ ከሣጥኑ አውጥቶ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ ለመውጣት የሚያስብ ግን ሌላ ሻጭ ይፈልግ፤ ከመግዛቱም በፊት የሙሌቱን ናሙና ይጠይቅ።